የፀጉር ቤቱ ሰውዬ

ጋዜጣ መሐሉን በመቀስ ክብ አድርጌ ስቆርጥ የዱቄት ሙጫ ይሸተኛል። ሙጫ እኮ አጠገቤ የለም፤ ዘንድሮ ሁሉ ነገር በፕላስተር ነው የሚለጠፈው። ግን ይሸተኛል፣ ምን ላድርግ። እዚሁ ድሬዳዋ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለ ጦርነት የማስተምርበት ሳምንት በደረሰ ቁጥር አንድ አሮጌ ጋዜጣ ፈልጌ የሰው ፊት የሚያህል ቀዳዳ አወጣለታለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በተለይ እናንተ እኩዮቼ፣ በደርግ ጊዜ ካኪ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ተሰልፋችሁ ያደጋችሁ፣ ነገሩ ይገባችኋል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው መጋላ ነበር፣ ከደቻቱ ማዶ። ደቻቱ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። እማና እኔ ብቻ ነበርን። እማ ከከተማው ዳር፣ የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛውን፣ ሱማሊኛውን፣ አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ደባልቃ ነው የምታወራው፣ ካወራች። ቤት ውስጥ የሴት ልብስ ትሰፋ ነበር። የእግር መስፊያዋ ሲንቀጫቀጭ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል፤ ሲቆም ግን ዝም ይላል። ቤታችን ሰው አይመጣም። ድሬን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ድስትሽን ከፍቶ ያያል፣ ጨው አነሰው ብሎ ይወጣል። የእኛን ድስት ማንም አይከፍተውም ነበር።

አባቴ ሾፌር ነበር። አፉን የፈታው በሱማሊኛ ነው፤ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የሱማሌ ጦርነት ሲመጣ መኪናው ወደ ግንባር ስንቅና ውኃ እንዲያመላልስ ታዘዘ። እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። አንድ ጠዋት በርሜል ውኃ ጭኖ በጂጂጋ መንገድ ወጣ፤ እሱም አልተመለሰ፣ መኪናውም አልተመለሰ። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፤ አለ ብሎ የነገረንም የለም። ከእሱ የቀረኝ የናፍጣ ሽታና አንገቴ ላይ የሚያርፍ ሻካራ እጅ ነው። ፊቱን አላስታውሰውም። ፎቶም የለንም፤ የነበረችው አንዲት ፎቶ መንጃ ፈቃዱ ላይ ነበረች፣ አብራው ሄደች።

እኛ ባናውቅም ሰፈሩ አውቃለሁ ይል ነበር። “ከነመኪናው ተሻገረ” ይባላል። ተሻገረ ማለት ወደ ጠላት ገባ ማለት ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ብቻ ሁሉም ያውቀዋል፣ ልጆቹም ያውቁታል። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል፤ እኔ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። ገነት የምትባል የሰፈራችን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ አብራኝ ነበረች፤ አንድ ቀን ደብተሯን ሰብስባ ፊት ለፊት ካለው ዴስክ ሄደች። ምን አደረግኩሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። በእረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ብቻዬን እጫወታለሁ። ጠጠሩን እኔው እወረውራለሁ፣ እኔው እዘላለሁ፣ መስመር ስረግጥ ደግሞ እኔው ራሴን አስወጣለሁ። ብቻውን የሚጫወት ሰው አያጭበረብርም፤ ማንን ብሎ።

ያኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ሌላው ሰው የአባቱን ፊት ያውቃል፤ እኔ የማላውቀውን ፊት ቢያንስ በራሴ ፊት ላይ አገኘው ይሆናል ብዬ መስታወት አያለሁ። ከዚያ እማን እጠይቃታለሁ።

“እማ፣ አባዬን እመስላለሁ?”

“እኔን ነው የምትመስይው።”

“ዓይኔስ?”

“እኔን።”

“አፍንጫዬስ?”

“እኔን አልኩሽ እኮ፣ ጨርሰሻል?” ትልና መስፊያውን በእግሯ ታስነሳዋለች። መስፊያው ሲነሳ ወሬ አለቀ ማለት ነው።

እማ ሌላም የማይገባኝ ጠባይ ነበራት። ከቤታችን ወደ ቀፊራ ገበያ አቋራጭ መንገድ አለ፤ የአው ዩሱፍ ፀጉር ቤት ያለበት መንገድ። ጥላ አለው፣ ቅርብ ነው። እማ ግን በእሱ አትሄድም። በዚያ እሳት ፀሐይ፣ በደቻቱ አሸዋ ዙራ ነው የምትሄደው። እግሬ ተቃጠለ ስላት “ዝም ብለሽ ሂጂ” ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያን መንገድ እወደዋለሁ፤ በፀጉር ቤቱ ሰውዬ ምክንያት። እናንተም ሳታስታውሱት አትቀሩም። በሩ ላይ በተሰቀለ ጣውላ ላይ የተሳለ፣ ጎፈሬው በሥርዓት የተከረከመ፣ በአንድ ጎን ብቻ ፈገግ ያለ ሰው ነው። የሣለው አጠገቡ የማስታወቂያ ሥዕል ቤት የነበረው ጋሽ ታደሰ ነው። ልጆች ኳስ ሲስቱ ግንባሩ ላይ ያርፋል፤ ሲያልፉ “ሰላም ነው ሰውዬው” ይሉታል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰላም እለው ነበር። ሌላ ሰላም የምለው ብዙ ሰው ስላልነበረኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቆም ብዬ ነበር ሰላም የምለው።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ አዲስ የታሪክ አስተማሪ ተመደበልን፤ ጋሼ ሰለሞን ይባላል። ከደጋ ነው የመጣው። የመጀመሪያ ቀን ሹራብ ለብሶ ገባ፤ በድሬ ሙቀት፣ ሹራብ። ሙክታር የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ ከኋላ ሆኖ “አንተ ጋሼ፣ አውልቀው እንጂ፣ ልትቀልጥ ነው” አለው። በእኛ ከተማ “አንቱ” ብዙ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌውንም ሹሙንም “አንተ” ነው የምንለው፣ ንቀት አይደለም። ጋሼ ሰለሞን ይህን ከየት ይወቀው፤ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ሳቅ አለና ሹራቡን አወለቀ። እሱም ብቻውን ነበር የሚኖረው። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እሱ መተኛቱን አልለመደም፤ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር የጠርሙስ ውኃ ይዞ ሲያነብ አየው ነበር። መንገዱ ላይ እሱና እኔ ብቻ ነን። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ።

አንድ ሳምንት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዞ መጣ። ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ነው ያገኘው፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። በጦርነቱ ጊዜ በየግድግዳው የተለጠፉት ፖስተሮች ነበሩ፣ በእጅ የተሣሉ። ከየቤታችን እፍኝ ዱቄት አምጥተን በውኃ አሙቀን ሙጫ ሠራን። ሽታው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ የሻገተ ሊጥ፣ የአሮጌ ቀለም፣ የአቧራ ሽታ። በማግስቱ ጉንዳን ሰልፍ ይዞ ወጣበት። ጋሼ ሰለሞን ግን “ጉንዳኖቹም ታሪክ ይማሩ” ብሎ ተዋቸው።

የመጀመሪያው ፖስተር ላይ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” የሚል ተጽፎ ነበር። ጋሼ ሰለሞን ጽሑፉን በወረቀት ሸፈነው። “ፊደሉን ሌላ ሰው ጽፎላችኋል፤ ሥዕሉን ግን ራሳችሁ አንብቡት” አለን። ማንን ታያላችሁ ሲል እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ስንቅ የምታዘጋጅ እናት አለች፣ ማጭድ የያዘ ገበሬ አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ዳር ላይ ጠመንጃውን ያነሳ ሚሊሺያ አለ። በሰልፍ የለመድነው ነው፣ እየጮህን ነው የመለስነው። ከዚያ “አሁን ደግሞ የሌለውን ንገሩኝ” አለ። ስለሌለ ሰው ጠይቆን የሚያውቅ አስተማሪ አልነበረም። እጄ በራሱ ጊዜ ወጣ።

“ሾፌር የለም” አልኩ።

“እንዴት?”

“ስንቁ እዚህ ነው፣ ወታደሩ እዚያ ነው። ማን ወሰደለት?”

ጠመኔውን አስቀምጦ አየኝ። “ጎበዝ። ስምሽ ማነው?” ነጃት አልኩት። ያን ዓመት ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ከስም መጥሪያ ሌላ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከፊቴ ያለችው ገነት ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ “አባቷ እኮ ስንቁን ይዞ ነው የተሻገረው” ስትል ሰማኋት። ጋሼ ሰለሞንም የሰማ ይመስለኛል፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ፖስተር ጎን ለጎን ለጠፈ። አንደኛው ላይ ጀግናው አለ፤ ባርኔጣ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከኋላው ፀሐይ ስትወጣ። ሁለተኛው ላይ ጠላት አለ፤ ሽርጥ ያገለደመ፣ እጁ ላይ ጥፍር የበቀለ፣ እግሩ ሥር ቤት የሚቃጠል። ጀግናው ምን ይመስላል ሲለን ቆራጥ ነው፣ ደፋር ነው፣ አገሩን ይወዳል አልን። ጠላትስ ሲለን ተንኮለኛ ነው፣ ጨካኝ ነው፣ እያየን ይስቃል አልን። እኔ ሽርጡን እያየሁ ነበር፤ አባቴ ማታ ማታ ሽርጥ ያገለድም እንደነበር እማ ነግራኛለች።

ጋሼ ሰለሞን ያኔ ነው ሁለት ጋዜጣ ያወጣው፣ መሐላቸው ክብ ሆኖ የተቆረጠ። አንዱን ጀግናው ላይ፣ አንዱን ጠላቱ ላይ አደረገ። ባርኔጣው ጠፋ፣ ፀሐይዋ ጠፋች፣ ሽርጡም ጥፍሩም የሚቃጠለውም ቤት ጠፋ። ሁለት ፊት ብቻ ቀረ።

ከዚያ ሙክታር ከኋላ ሆኖ፣ “አቦ ይሄማ የፀጉር ቤቱ ሰውዬ ነው” አለ።

እውነቱን ነበር። ሁለቱም እሱ ናቸው። ያችው በአንድ ጎን የምትቀር ፈገግታ ጀግናው ላይ ስትሆን ቆራጥነት፣ ጠላቱ ላይ ስትሆን ተንኮል መስላን ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሰለሞን እንግዳ ስለሆነ ፀጉር ቤቱን አያውቀውም፤ እየተሻማን አስረዳነው። እሱም ከእኛ ጋር ሳቀና፣ ቀስ ብሎ “ታዲያ ለምን ቀድመን አላየነውም?” አለን።

ያን ቀን ቤት የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። እማ ስትስቅ ብዙ አይቻት አላውቅም፤ ይሄ ነገር ሳያስቃት አይቀርም ብዬ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። መስፊያውን የምትረግጠው እግሯ ቆመ።

“ሁለቱም ነው ያልሽው?”

“ሁለቱም። ጠላቱም ጀግናውም።”

“ጀግናውም” አለች ለራሷ። ከዚያ መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ እያየች፣ “ያ የፀጉር ቤቱ ሰውዬ አባትሽ ነው” አለችኝ።

እንዲህ ነበር ነገሩ። እኔ ሳልወለድ መኪናው ተበላሽቶበት ጋራዥ የቆመ ጊዜ፣ አባቴ ጋሽ ታደሰ በር ላይ ጥላ ፍለጋ ይቀመጥ ነበር፤ ጓደኛሞች ናቸው። ጋሽ ታደሰ ፊደል ጻፊ እንጂ ሰው ሣይ አልነበረም። አው ዩሱፍ ለፀጉር ቤቱ ሰው ሣልልኝ ሲለው፣ አባቴን ሻይ እያጠጣ አስቀምጦ፣ ሲያጠፋ ሲሥል ሰነበተና እጁ ያን አንድ ፊት ተማረ። ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊ ቤት ሙሉ ልብስ የለበሰው እሱ ነው፣ ሻይ ቤት በር ላይ ብርጭቆ የያዘው እሱ ነው። ሰፈሩ ይቀልድበት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ቀበሌው ፖስተር ሣል አለው። አባቴ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ እማ ቀፊራ ስትሄድ ግድግዳው ላይ የሚቃጠል ቤት፣ ጥፍር ያለው ሰው፣ የባሏን ፊት አየች። ሌላውም ሰው አየ። “ይሄ ሾፌሩ አይደለም እንዴ?” ተባለ። በማግስቱ “ለምን ሣሉት ታዲያ? አንድ ነገር ቢያውቁ ነው” ተባለ። በሦስተኛው ቀን ከነመኪናው ተሻግሮ ነበር።

“ጋሽ ታደሰን ቀዶ እንዲጥለው ለመንኩት፤ የቀበሌ ነው፣ ብነካው አንገቴ ይሄዳል አለኝ” አለች እማ። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። አባትሽ መቃብርም የለው፤ ስሙን ደግሞ እነሱ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም።”

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ደስ ነው ያለኝ። ሀዘኑ ኋላ ነው የመጣው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቆሜ ሰላም ያልኩት ሰው አባቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እማ የመውጫ ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ ሻሿን አስራ እጄን ያዘችኝ። በአሸዋው በኩል ልትዞር ነው ስል በአቋራጩ ገባች። ጣውላው ሥር ስትደርስ ቀና አላለችም። ቀጥታ ጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው ብሩሽ በናፍጣ እያጠበ ነበር፤ ሲያያት ተነሳ።

“ታደሰ፣ ጀግናም አድርገህ ሥለኸው ነበር አሉ። ለምን አልነገርከኝም?”

“መቼ ልንገርሽ?” አለ። “የመጣሽብኝ ስለ ጠላቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬንም አልተቀበልሽ። ጀግናውን እኮ ቀድሜ ነው የሣልኩት። ልፎክርበት ነበር። አንድ ሰው እንኳ ይሄ ሾፌሩ አይደለም ወይ ያለኝ የለም። ሁሉም ያየው ጠላቱን ነው።”

እማ እጄን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞረች። እሱም ብሩሹን እንደያዘ ከኋላችን ተከተለ፤ ተመለስ አላለችውም።

ክፍል ስንገባ ጋሼ ሰለሞን ማስተማር ጀምሮ ነበር። እማ ፈቃድ ጠየቀች፣ በሦስቱም ቋንቋ መሰለኝ፤ ገባውም አልገባውም በሩን ለቀቀላት። ፖስተሮቹ ፊት ቆመች። ጋሼ ሰለሞን ነገሩን ከእኔና ከእሷ ፊት አንብቦ ይሁን አላውቅም፣ ጋዜጣውን አንስቶ ጀግናው ላይ ያዘላት። በቀዳዳው ውስጥ ፊቱን ብቻ ብዙ አየችው። ከዚያ “አንሳልኝ፣ ልብሱን ልየው” አለችው። አነሳላት። ባርኔጣውን አየች፣ ደረቱን አየች፣ ፀሐይዋን አየች።

ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ለእኛ ለልጆቹ ነበር የተናገረው። “የእኔ እጅ አንድ ፊት ነው የሚያውቀው። ጀግና ሣል ሲሉኝ የማውቀውን ሰው ሣልኩ። ጠላት ሣል ሲሉኝ፣ ጠላት በዓይኔ አይቼ አላውቅ፣ ምን ላድርግ፣ ያንኑ ሰው ሣልኩና ጥፍር ጨመርኩለት። የዚች ልጅ አባት ውኃ ጭኖ ሄደ። ሌላ የማውቀው የለኝም።”

እማ ዞር ብላ የምትቀመጥበት ፈለገች። ባዶ ቦታ ያለው የእኔ ዴስክ ላይ ብቻ ነው። እዚያ መጥታ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን፤ ራሷን በክንዷ ላይ ጥላ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ዓመት ለአባቴ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ሙት ነው እንዳትል አልሞተም ይሆናል፣ ሰው እንዳትጠራ ማን ይመጣል። ለአባቴ የተለቀሰው በስድስተኛ ክፍል ዴስክ ላይ፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። አጠገቤ ሰው የተቀመጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ እሱም እናቴ ናት። ገነት ከፊት ዞራ ብዙ አየቻትና መሀረቧን ሰጠቻት።

በዚያ ሳምንት እማ ቤታችን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ ለቅሶ፣ ተዕዚያ ተቀመጠች። ብዙ ሰው አልመጣም፤ መጣ ብዬ አልዋሽም። አው ዩሱፍ መጥቶ ዱዓ አደረገ። ጋሽ ታደሰ ክርስቲያን ነው፤ ጫማውን አውልቆ ጥግ ይዞ ዋለ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሳታንኳኳ ገብታ ድስታችንን ከፍታ አየች። ጨው አነሰው አላለችም፤ ክዳኑን ስትመልሰው የተሰማው ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ፖስተሮቹ ብዙ አልቆዩም። ጀግናና ጠላት አንድ ዓይነት ፊት አላቸው ብሎ የሚያስተምር አስተማሪ አለ የሚል ወሬ እግር አወጣ። አንድ ሰኞ ስንገባ ግድግዳው ላይ የሙጫው አራት ማዕዘንና ጉንዳኖቹ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ሰለሞንም አልነበረም፤ ተዛወረ ተባልን፣ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። የመጀመሪያ ቀን ለብሶት የመጣውን ሹራብ ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄዶ ነበር መሰለኝ፤ ዘበኛው ትራስ አድርጎት አየሁት። ከምሳ በኋላ በከዚራ ሳልፍ ዛፉ ሥር ማንም የለም። ገነት ዴስኬ ላይ ተመልሳ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቤተሰቦቿ አገር ለቀው ሄዱ። እኔም ወደ ሰኞ ማክሰኞዬ ተመለስኩ። ብቸኝነት አንዴ ከለመደሽ ቤትሽን አይስትም።

ከእማ ያገኘሁት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአቋራጩ መንገድ አብረን መሄድ ጀመርን። ጣውላው ሥር ስንደርስ ቀስ ትላለች። እንዲህ ባለ ቀን አንዴ ደፍሬ፣ “እማ፣ አሁን ንገሪኝ፣ እመስለዋለሁ?” አልኳት። ጣውላውን አላየችም፣ እኔን አየችኝ። “እኔን ነው የምትመስይው” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም አርጅታ እስክትሞት ድረስ ሌላ አልነገረችኝም።

ዛሬ ያ መንገድ ታይዋን ከሚባለው ገበያ የሚመጣ የስልክ ሽፋንና የሕፃናት ጫማ የሚሸጥበት ሆኗል። ፀጉር ቤቶቹ በራቸው ላይ የሚለጥፉት ከማሽን የወጣ የውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ፎቶ ነው፤ በመላው ከተማ አንድ ዓይነት፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። በእጅ የሚሥል የለም። የአው ዩሱፍ ልጆች ቤቱን ሲሸጡ ጣውላውን ለማገዶ ከመሆን አድኜ ወሰድኩት። የጦርነቱ ሳምንት ሲደርስ የማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። አባቴ እዚያ ላይ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ እኔ አሁን እናቱ ልሆን እችላለሁ።

በየዓመቱ ጋዜጣዬን ቆርጬ ከላዩ አደርገዋለሁ፤ ማነው ብዬ ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። ወታደር ነው ይላሉ፣ ዘፋኝ ነው ይላሉ፣ አሸባሪ ነው ያለኝም ልጅ አለ፤ ሁሉም እርግጠኛ ነው። ከዚያ ጋዜጣውን አነሳና ያነሳሁላችሁን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ አባቴ መሆኑን ግን ሳልናገር። ለምን እንደማልናገር እኔም አላውቅም። ምናልባት አንድ ሰው ሳልነግረው እንዲያውቀው እየጠበቅኩ ነው።

ዘንድሮ መጨረሻ ዴስክ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለችኝ። ከገጠር፣ ከጀልዴሳ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋ ገና አልተፍታታም፣ እጇን አውጥታ አታውቅም። ሌሎቹ ወታደር፣ ዘፋኝ እያሉ ሲጮሁ እሷ አንዴ ቀዳዳውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀዳዳውን ታያለች። እጇ ቀስ ብሎ ወጣ።

“ቲቸር፣ አንቺን ይመስላል እኮ” አለች።

ልጆቹ ሳቁባት፤ ከዚያ ዞረው አዩኝ፣ ሳቃቸውም ቆመ። “ይመስላል፣ ወላሂ” አለ አንዱ። “ፈገግታዋ እኮ ነው፣ በአንድ ጎን ነው የምትስቀው።”

ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እማን ነው የምመስለው ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያ ፊት ጥፍር ተጨምሮለት በግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ከተማ፣ ትንሿን ልጇን ይዛ በአሸዋ የምትዞረውን እናቴን አየኋት። መንገዱን ብቻ አልነበረም የሸሸችው፤ እኔንም ከእሱ አጠገብ ማንም እንዳያየኝ ነው። ፊቴን በራሷ ፊት ሸፍናልኝ ኖራለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩ፤ የምነግረው ሰው አልነበረም። የመጨረሻዋን ዴስክ ሄጄ ከልጅቷ አጠገብ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለኝ። ከዚያ ሆኜ ጣውላውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጁ አየሁት።

“አባቴ ነው” አልኳት።